«በዩሮ ይሁን» ማለት ነበረብኝ

ጥር 2017 ላይ እናቴን ይዤ ከዱባይ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ሰባት ሌሊት አሳለፍኩ። ከመሄዴ በፊት ስለ ልብሱ፣ ስለ ማቅለሽለሹና ስለ ምግቡ ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። የመርከቡ ሒሳብ በየትኛው ገንዘብ እንደሚዘጋና ካርዴ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሐዋሳ ውስጥ ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለኝ፤ የገቢና የወጪ መዝገቡን የምይዘው ራሴ ነኝ። ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ስወርድ ጀልባ ላይ እግሬን ሳላነሳ ዋጋ እቆርጣለሁ። ያን ያህል ጠንቃቃ ሆኜ ሳለሁ መታለሌ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ትኬቱን ዱባይ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለእናታችን ስጦታ ብሎ ገዛ። መርከቡ ከኤምሬትስ ወጥቶ፣ ዶሃ ደርሶ ስለሚመለስ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ ይህን አጥብቃችሁ ጠይቁ። መርከቡ ላይ የሚወጣውን ወጪ እኔ ልሸፍን ተስማማን።

ከመርከቡ የተላከልኝ ወረቀት የተሳፋሪዎች ሒሳብ በዩሮ እንደሚያዝ ይናገራል። ወረቀቱን ይዤ ባንክ ሄድኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሰሌዳውን ሳላይ ከቤት አልወጣም፤ ባንክ በሄድኩበት ቀን ዶላር 128፣ ዩሮ ደግሞ 134 ብር ገደማ ይሸጥ ነበር። ዩሮ በጥሬው እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። የመስኮቱ ሠራተኛ «ዶላር የትም ይሠራል፤ ዩሮ ለምን አስፈለገዎት? ጥሬ ገንዘብ ከመያዝ ደግሞ ካርድ ይሻላል» አለኝ። አመንኩትና 1,200 ዶላር በቅድመ ክፍያ ካርድ አስሞላሁ። ዶላር የትም ይሠራል መባሉ እውነት ነው። የትም ሲሠራ ግን በየመንገዱ ይሸረፋል፤ ብሬ አንዴ ወደ ዶላር ሲሻገር ተቆረሰ፣ ከዶላር ወደ ዩሮ ሲሻገር ደግሞ ሁለተኛ ሊቆረስ ነው።

ማስጠንቀቂያው ዱባይ ላይ ደርሶኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት። ከመሳፈራችን በፊት በነበረው ቀን ለእናቴ ጨርቅ ስገዛ ዋጋው 400 ድርሃም ሆነ። የክፍያ ማሽኑ ካርዴ የዶላር መሆኑን አወቀና በድርሃም ወይስ በዶላር እንደምከፍል ጠየቀኝ። በዶላር 114.61 ይላል። ጣቴን ወደ ዶላሩ ስሰድ ወንድሜ እጄን ያዘኝ። «እትዬ፣ ድርሃም በይው!» አለኝ። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.6725 የተሰፋ ነው፤ በዚህ ተመን 400 ድርሃም 108.92 ዶላር ነው። ልዩነቱን የሚካፈሉት ነጋዴውና ምንዛሪውን የሚሠራለት ድርጅት ናቸው። እኔ ግን ነገሩን የዚያ ሱቅ ብልጠት አድርጌ ወሰድኩትና ረሳሁት። በማግስቱ ወንድሜ ወደብ ላይ ተሰናብቶን ተመለሰ።

የመርከቡ መመዝገቢያ አዳራሽ ሰው በሰው ላይ ነበር። እናቴ ቆማ ደክሟታል። ወጣቱ መዝጋቢ ካርዴን ማሽን ውስጥ ከተተና ሰሌዳውን ወደ እኔ አዞረው። በትልቅ አረንጓዴ ሳጥን «በካርድዎ ገንዘብ ይክፈሉ፤ ወጪዎን አስቀድመው ይወቁ» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል በዩሮ መክፈል እንደሚቻል ይገልጻል። ተመን የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ገና ያወጣሁት ሳንቲም ስለሌለ የሚነገረኝ ድምርም አልነበረም። በዶላር ስለማስብ በዶላር ማየቱ ቀለለኝ። አረንጓዴውን ነካሁ፤ ፈረምኩ። አሥር ሰከንድ አይሞላም።

ሰባቱ ቀናት መልካም ነበሩ። እናቴ ሰር ባኒ ያስ ደሴት ዳር ቆማ ባሕሩን ስታይ «ልጄ፣ የእኛን ሐይቅ ስንት እጥፍ ይሆን?» ያለችኝን አልረሳም።

በመጨረሻው ሌሊት በበሩ ሥር የሒሳብ ወረቀት ገባ። ለሁለታችን የአገልግሎት ክፍያ በአዳር በነፍስ ወከፍ 12 ዩሮ ሲሆን 168፣ ሁለት የባሕር ዳርቻ ጉብኝት 260፣ ኢንተርኔት 59፣ ውኃና ቡና 71፣ የእናቴ ፎቶግራፎች 54፤ ድምሩ 612 ዩሮ። ደብተሬ ላይ ከያዝኩት ጋር በሳንቲም አልተዛነፈም። ከግርጌው ግን ሌላ መስመር አለ፤ 667.08 ዶላር፣ ተመን 1.09፣ «በደንበኛዋ ምርጫ»። በዚያ ሳምንት ዩሮ በገበያው 1.04 ዶላር ገደማ ነበር።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ተሰለፍኩ፤ ከፊቴ ሃያ ያህል ሰው ነበር። ተራዬ ሲደርስ ሒሳቡ ወደ ዩሮ እንዲመለስልኝ ጠየቅኩ። ሠራተኛዋ ሳታቋርጥ ፈገግ እያለች ፊርማዬን አሳየችኝ። ምርጫዬን መለወጥ እችል የነበረው ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ነበር፤ አሁን ተዘግቷል። «ተመኑን ሳታሳዩኝ እንዴት መረጥኩ ትሉኛላችሁ?» አልኳት። ለእንግዶች ምቾት የተዘጋጀ አገልግሎት መሆኑን ደጋግማ ነገረችኝ። ለማን ምቾት? እኔ ከእንግዳ ማረፊያዬ የሚወጣን ሰው ሳልነግረው ዋጋ ጨምሬበት ፊርማህ ነው ብለው ፊቱን ማየት አልችልም ነበር። የቪዛና የማስተርካርድ ደንብ ደንበኛው በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፍል በነጻነት እንዲመርጥ፣ ተመኑም እንዲነገረው የሚያዝዝ መሆኑን ያወቅኩት አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው። ያን ሌሊት ባውቀው ኖሮ እስኪነጋ እከራከር ነበር።

ሒሳቡን በሐቅ ልሥራው፤ ጥፋቱን ማጋነን አልፈልግም። ባንኬ ከዶላር ውጭ ስከፍል 2 በመቶ ይወስዳል። ስለዚህ በዩሮ ብከፍል በ1.04 ተሰልቶ 636.48፣ ከ2 በመቶው ጋር 649.21 ዶላር ይሆን ነበር። በካርድ መንገድ ያጣሁት 17.87 ዶላር፣ ማለትም 2,287 ብር ነው፤ የአንድ ክፍሌ የሁለት ሌሊት ኪራይ። መጀመሪያ እንዳሰብኩት ዩሮ በጥሬው በ134 ብር ገዝቼ ቢሆን ግን 612 ዩሮ 82,008 ብር ይፈጅብኝ ነበር። የፈጀብኝ 85,386 ብር ነው። 3,378 ብር በሁለት የተሳሳተ እሺታ ሄደ፤ አንዱን ለባንኩ ሠራተኛ፣ ሁለተኛውን ለአረንጓዴው ሳጥን።

መከራው በዚያ አላበቃም። ስመዘገብ መርከቡ 300 ዩሮ መያዣ ከካርዴ አስሮ ነበር። ሒሳቡ ሲዘጋ መያዣው የሚቀነስ መስሎኝ ነበር፤ የመጨረሻው ክፍያ ግን በዶላር ለብቻው ሲነሳ በዩሮ የታሰረው እንደታሰረ ቀረ። ዱባይ ተመልሼ ለማረፊያው 600 ድርሃም አንሶላ ልገዛ ስል ካርዱ እምቢ አለ። ከ420 ዶላር በላይ ሊኖረኝ ሲገባ ልጠቀምበት የምችለው 110 እንኳ አይሞላም። ወንድሜ ከፈለልኝ፤ በእናቴ ፊት አፈርኩ። የታሰረው ገንዘብ የተለቀቀው በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐዋሳ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለ ተመኑ ለባንኬ አቤት አልኩ፤ መልሱ የራስዎ ምርጫ ነው የሚል ሆነ። ለመርከቡ ድርጅት ጻፍኩ፤ ስለጉዞዬ አመስግኖ መለሰልኝ፣ ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አልጻፈም።

እንግዲህ የምመክረው ይህን ነው፤ ባንኩም መርከቡም የሚሉትን ይቃረናል። በመጀመሪያ መርከባችሁ ሒሳብ የሚይዘው በዩሮ ይሁን በዶላር አረጋግጡ፤ ከዚያ ያንኑ ገንዘብ በጥሬው ግዙ። ብራችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ይሻገር። የባንኩ ሠራተኛ ዶላር ይሻላል ቢላችሁም ከመስኮቱ አትነሱ፤ ቅርንጫፉ ከሌለው ሌላ ቅርንጫፍ ሂዱ። የእኛ መርከብ በመቀበያው ጥሬ ዩሮ ተቀብሎ ሒሳብ ላይ ያስይዝ ነበር፤ የተረፈውንም በመጨረሻው ቀን ይመልሳል። ይህን ያየሁት አጠገቤ ያለች ሴትዮ ስታደርገው ነው፤ ወረቀቱ ላይ በመጨረሻው ገጽ ተጽፎ ነበር፣ የሚያሞግሰው ግን ካርዱን ብቻ ነው።

ካርዱንም አትጣሉት። የመርከብ ክሊኒክ በነጻ አያክምም፤ ሒሳቡ ከክፍላችሁ ወጪ ጋር ይደመራል፣ ከታላላቆቻችን ጋር ስንጓዝ ደግሞ ይህ የሚያስፈልግበት ቀን አይታወቅም። መያዣው ሊያስር የሚችለውን ያህል ትርፍ ጨምራችሁ አስሞሉት፤ ማንም ማሽን ላይ ሲያስገባው የምትሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአገሩ ገንዘብ፣ ወይም በመርከቡ ገንዘብ። ከተሳሳታችሁ በሦስተኛው ቀን የሒሳብ ወረቀት ጠይቃችሁ ተመኑን ተመልከቱ፤ የመጨረሻው ሌሊት ከመድረሱ በፊት ይስተካከላል።

ጎረቤቴ በመጪው ጥር ከባለቤቷ ጋር በዚያው መንገድ ልትሄድ ነው። ትናንት ቡና ላይ ይህን ሁሉ አጫወትኳትና ሰኞ አብረን ባንክ ልንሄድ ተቀጣጥረናል። 700 ዩሮ ቆጥሮ እስኪሰጣት ከመስኮቱ አልነሳም።