ንብ ነደፈችኝ፣ ኮሚቴ ተቋቋመልኝ

ቢሮ በረንዳ ላይ ለመቀመጥ ወንበር ሳብ ሳደርግ እጄ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ጩኸት የኔ አይደለም ብዬ እስከዛሬ እከራከራለሁ።

ንቧ መንደፊያዋን ቀለበት ጣቴ ላይ ትታልኝ ሄደች። ጠጋ ብዬ ሳየው ጫፉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ከረጢት አለች። ትር ትር ትላለች! ባለቤቷ ሄዳም መርዙን እየገፋችልኝ ነው።

"እንዳትነካው!" አለ የሒሳብ ክፍሉ ልጅ። "በጥፍር ከያዝከው ይጨመቃል። በባንክ ካርድ ነው የሚፋቀው።" ሁሉም ቦርሳውን መፈተሽ ጀመረ። አንዷ ወረንጦ ፍለጋ ሮጠች። ሌላዋ የጥርስ ሳሙና ይዛ መጣች። አለቃችን ደግሞ "ቆይ፣ መጀመሪያ እንግባባ" አሉ። በዚያ ሰዓት ከግቢው ሥራ ላይ የነበረችው ከረጢቷ ብቻ ናት።

ጥበቃው ጋሼ መጡና ማንንም ሳይጠይቁ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠረግ አደረጉት። አለቀ። ለካ ዋናው ነገር ዘዴው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው፤ በቆየ ቁጥር የሚገባው መርዝ ይጨምራል።

"በሉ አሁን ከዚህ ዞር በሉ" አሉን። ማን ሰምቷቸው! የነደፈች ንብ ሌሎቹን የሚጠራ፣ ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ትተዋለች። ሁለተኛዋ ከተፍ አለች። ኮሚቴው ያለ ቃለ ጉባኤ ተበተነ። አለቃችን እንደዚያ መሮጥ ይችላሉ ብሎ ማን ያስባል?

በዚህ ሁሉ ግርግር ቀለበቱን ያስታወሰ የለም። ጣቴ ሳያብጥ መውለቅ ነበረበት። ታጥቤ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩበት፤ እብጠቱ እንዲቀንስም እጄን ከፍ አድርጌ ስብሰባ ገባሁ። አለቃችን በየመሃሉ "እሺ፣ ዕድሉን ውሰድ" ይሉኛል።

ቀለበቱ በስንት መከራ፣ በሳሙና ወለቀ። ፋርማሲ ለማሳከኩ የአለርጂ ክኒን ስጠይቅ ባለሙያዋ ፊቴን አተኩራ አየችው። "ከንፈርህ ወይም ምላስህ አላበጠም? ትንፋሽ አላጠረህም? እንደዚያ ከሆነ ክኒን አትጠብቅ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።" ትንፋሽ ያጠረኝ ከሁለተኛዋ ስሸሽ ብቻ መሆኑን አስረዳኋት።

ማታ ባለቤቴ ጣቴን አየችው። እብጠቱን አይደለም፤ ባዶነቱን።

"ቀለበትህስ?"

"ንብ ነድፋኝ ነው።"

"እሺ፣ ስሟ ማነው?"