ለቤት ፎቶ ፕሪንት የከለር ፕሮፋይል መሳሪያ የመረጥኩት እንዲህ ነው

ቤት ውስጥ ፎቶ ፕሪንት ምታረጉ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ስክሪን ላይ ያማረ ፎቶ ወረቀት ላይ ሲወጣ ይጨልማል፣ የሰው ፊት ወይ ይቀላል ወይ ወደ አረንጓዴ ያደላል። አብዛኛው ሰው ወዲያው ፕሪንተሩን ነው ሚረግመው። እኔ ግን ብር ከማውጣቴ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ፈለግኩ፣ የሞኒተሩ ነው፣ የፕሪንተሩ ነው ወይስ የወረቀቱ፣ ምክንያቱም ሚገዛው ዕቃ በዚህ ይለያያል። ፕሮፋይል ማለት አንድ ፕሪንተር በአንድ ቀለምና ወረቀት ከለር እንዴት እንደሚያወጣ ለኮምፒውተሩ የሚነግር ፋይል ነው።

ጨለመ ለሚባለው ፕሪንተሩ ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። ሞኒተር ከፋብሪካ ሲወጣ ብራይትነሱ ከልክ በላይ ነው፣ ለፕሪንት ግን በስኩዌር ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ አካባቢ ይበቃል፣ ዋይት ፖይንት (የነጩ ቃና) ዲ65፣ ጋማ (በጨለማና በብርሃን መሃል ያለው አካሄድ) 2.2። የኔን ወደዛ ሳወርደው መጀመሪያ ስክሪኑ የሞተ ነበር ሚመስለው፣ አይን ሲለምደው ግን ፎቶና ወረቀቱ መቀራረብ ጀመሩ።

ለዚህ ለሞኒተር ማስተካከያ ኮሎሪሜትር የሚባለው የከለር መለኪያ በቂ ነው፣ ስፓይደር ምናምን የሚባሉት። ኮሎሪሜትር ግን ከስክሪን የሚወጣውን ብርሃን በፊልተር ነው ሚለካው፣ የራሱ መብራት ስለሌለው ወረቀት ማንበብ አይችልም። ስፔክትሮፎቶሜትር ግን ራሱ አብርቶ ከወረቀቱ የሚመለሰውን ብርሃን በዌቭሌንግዝ (በሞገድ ርዝመት) ከፋፍሎ ያነበዋል፣ ስክሪንም ይለካል። እኔ ሁለቱንም የሚሰራ ስለፈለግኩ ያገለገለ ከለርመንኪ ፎቶ ገዛሁ። በኋላ አይዋን ስቱዲዮ ተባለ፣ ከዛ ከ2021 ጀምሮ በካሊብራይት ስም ከለርቸከር ስቱዲዮ፣ ውስጡ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚ አዲሱ ስም ላይ ብዙ አትድከሙ። አሮጌ ስትገዙ ማጣራት ያለባችሁ ሶፍትዌሩን ነው፣ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ላይከፍት ይችላል። እኔን የገላገለኝ አርጊል ሲኤምኤስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፣ በትዕዛዝ ጽሁፍ ነው ሚሰራው፣ መጀመሪያ ያስፈራል ግን ትዕዛዞቹ ጥቂት ናቸው፣ ታርጀን ፓቾቹን (የሚለኩትን ትንንሽ የከለር ካሬዎች) ያወጣል፣ ፕሪንትታርግ ቻርቱን (ካሬዎቹ ተደርድረው የሚታተሙበትን ገጽ) ይሰራል፣ ቻርትሪድ ያነባል፣ ኮልፕሮፍ ፕሮፋይሉን ያዘጋጃል፣ አለቀ።

ዋናው ስራ ቻርቱ ላይ ነው። ቻርት ሲታተም ከለር ማኔጅመንት (ከለሩን በራሱ የሚያርመው ነገር) ከፕሮግራሙም ከድራይቨሩም (ፕሪንተሩን ከሚያዘው ሶፍትዌር) መጥፋት አለበት፣ አለዚያ የታረመ ነገር ነው እየለካችሁ ያላችሁት። ፎቶሾፕ ያንን የማጥፊያ ምርጫ ከሲኤስ5 ቨርዥን ጀምሮ ስላስወጣው አዶቤ ለዚሁ ብሎ የለቀቀው ከለር ፕሪንተር ዩቲሊቲ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ በሷ አትሙ። ከማተም በፊት ኖዝል ቼክ (የቀለም መርጫዎቹ እንዳልተደፈኑ ማየት)፣ ካተሙ በኋላ ደግሞ ቀለሙ እስኪደርቅ ትዕግስት፣ እኔ አሳድረዋለሁ፣ ሲደርቅ ከለሩ ትንሽ ይቀየራል። ሲነበብ ደግሞ የጠረጴዛው ከለር እንዳያሳልፍ ከስሩ ነጭ ወረቀት ደራርቡ። መሳሪያውን ልብስ እንደምትተኩሱ ሳትቸኩሉ ሳትቆሙ በረድፉ ላይ ጎትቱት፣ ከፈጠናችሁ ያንን ረድፍ ድገም ይላል።

ውጤቱስ? እውነቱን ለመናገር በፕሪንተሩ አምራች ቀለምና ወረቀት ላይ አምራቹ በነፃ የሚሰጠው ፕሮፋይልና የኔው ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነታቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ልዩነቱ የታየኝ ፕሮፋይል የሌለው የሌላ ኩባንያ ማት (የማያብለጨልጭ) ወረቀት ላይ ነው፣ በተለይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ግራጫው ላይ የነበረው የማጀንታ (ወደ ሮዝ ያደላ) ጥላ ጠፋ። ስለዚ ኦሪጅናል ቀለምና ወረቀት ብቻ ምትጠቀሙ ከሆነ በኔ እይታ የሞኒተር መለኪያ ግዙና ተዉት። ወረቀታችሁ አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ ደግሞ ቻርት አትማችሁ ስትልኩላቸው ፕሮፋይል ሰርተው የሚመልሱ አሉ፣ መሳሪያ ከመግዛት ያ ይቀላል። ወረቀት መቀያየር ለሚወድ ወይ ሌላ ቀለም ለሚሞላ ሰው ነው ስፔክትሮው ዋጋውን የሚያወጣው።

አንድ ነገር ግን አለ፣ በጣም ነጭ ነጭ ሚሉት ወረቀቶች ውስጥ ብራይትነር የሚባል ነጭነት የሚጨምር ኬሚካል አለ፣ ዩቪ (አልትራቫዮሌት ብርሃን) ሲያገኝ ሰማያዊ ያበራል። የኔ መሳሪያ መብራቱ ነጭ ኤልኢዲ ስለሆነ ዩቪ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ ያንን ማብራት አያየውም፣ ፎቶው መስኮት አጠገብ ሲሆን ከጠበቅኩት በላይ ቀዝቀዝ ብሎ ይታያል። ለዚህ መፍትሄዬ ብራይትነር የሌለው ወረቀት መምረጥ ሆኗል።

ፕሮፋይሉን ስትሰይሙ ፕሪንተሩን፣ ቀለሙን፣ ወረቀቱን፣ ድራይቨሩ ላይ የመረጣችሁትን የወረቀት አይነትና ቀኑን ስሙ ውስጥ ክተቱ፣ ከነዚህ አንዱ ከተቀየረ ፕሮፋይሉ ለዛ አይሰራም፣ እና ፋይሎቹ ሲበዙ የትኛው የምን እንደሆነ በስማቸው ካልሆነ በምንም አይለይም።