የጆን ካስትሪዮቲ መልእክት

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለ አልባኒያ ነው። የጀመርኩት ስካንደርቤግን ፍለጋ ነበር፤ ኦቶማንን 25 ዓመት ያስቸገረውን ጀግና። አሁን ግን ልቤ አባቱ ላይ ቀርቷል። ጆን ካስትሪዮቲ ይባላል።

የሰሜን አልባኒያ መስፍን ነበር። ግዛቱ ትንሽ፣ ጎረቤቶቹ ኃያላን። በባሕሩ በኩል ቬኒስ፣ በሰሜን የሰርቢያው ስቴፋን ላዛሬቪች፣ በምሥራቅ ደግሞ የኦቶማኑ ሱልጣን። ቶፒያ፣ ዱካጂኒ፣ ዛሃሪያ የሚባሉት የአገሩ መሳፍንት ቤቶችም አሉ፤ አንዱ የሌላውን ምሽግ ሲመኝ የሚያድር። ጆን አንዴ ከቬኒስ፣ አንዴ ከሰርቢያ ጋር ይወዳጃል። ሃይማኖቱንም እንደ ወዳጁ ይለውጥ ነበር ይላሉ የታሪክ ሰዎች። በ1420 እ.ኤ.አ. ዱብሮቭኒክ ለምትባለው የወደብ ከተማ ነጋዴዎች ቃል ገባላቸው፤ ከባሕር ዳርቻው ሹፋዳ እስከ ፕሪዝረን በአገሩ በሰላም እንዲያልፉ።

ለሱልጣኑ ግን ልጁን ራሱን መያዣ አድርጎ ሰጠ። ጄርጅ ይባላል ልጁ፤ ኋላ ስካንደርቤግ የተባለው እሱ ነው። ኦቶማኖች ቤት አደገ፣ ሰለመ፣ ስሙም እስክንድር ሆነ።

እንቅልፍ የነሳኝ የ1428ቱ ነገር ነው። ጆን ቬኒስ መልእክት ላከ። ሱልጣኑ ልጄን መሬታችሁን ያዝ ብሎ ቢያዘው በእኔ አትቀየሙብኝ የሚል ነው። እስቲ አስቡት። አባት ስለ ገዛ ልጁ፣ ልጁ ገና ላላደረገው ነገር፣ ቀድሞ ይቅርታ ይለምናል።

አባቴ ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ አባቴ የቀበሌውን ሊቀመንበር መንገድ ላይ ባየው ቁጥር ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ይነሳል። እኔ ልጅ ነኝ፣ አጠገቡ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ፈሪ ነው ብዬ አፍሬበታለሁ። ዓመታት አፍሬበታለሁ። ወንድሜ የት እንዳለ፣ በሕይወት መኖሩን የሚነግረን ግን ከሊቀመንበሩ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ እጅ መንሳት ለዚያች ለአንዲት ወሬ ነበር።

ጆንም ዝም ብሎ ጎንበስ አላለም። በ1430 አምጾ ነበር። ተሸነፈ፣ ምሽጎቹንም ብዙዎቹን አጣ። በዓመቱ ልጁ ረፖሽ አረፈ። የተቀበረው በግሪክ፣ በአቶስ ተራራ፣ በሂላንዳር ገዳም ነው። ጆን ለዚህ ገዳም ሁለት መንደሮች ሰጥቶ ነበር። እዚያ አንድ ግንብ አለ፤ እስከ ዛሬ የአልባኒያ ግንብ ይሉታል።

ጆን በ1437 ሞተ። ጄርጅ ከኦቶማን ከድቶ የክሩያን ምሽግ በእጁ ያስገባው በ1443 ነው። አባቱ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ!

ቅዳሜ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። የአባቴ ባርኔጣ አሁንም ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ጠርዙ በጣቶቹ ልክ ሳስቷል።