ችግኝ ጸደቀ ሲባል እንዴት እንደማጣራ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲገለጽ ወሬው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር አዲስ አኃዝ ይነገራል። በጋው ሲያልቅ ተራራው ላይ ወጥቶ የቀረውን የሚያይ ዘጋቢ ግን ጥቂት ነው። እኔ የአካባቢ ዘገባ ስሠራ ዋና ትኩረቴ እዚያ ላይ ነው። ሥራው የደን ባለሙያ መሆንን አይጠይቅም፤ ገመድ፣ ስልክ፣ ደብተርና ትዕግሥት ላለው ሁሉ ይቻላል።

ከቢሮ ሳልወጣ የተነገረውን ቁጥር ለመሬት አካፍላለሁ። ችግኝ በ2 ሜትር ርቀት ከተተከለ አንድ ሄክታር 2,500 ይይዛል፤ በ2.5 ሜትር ከሆነ 1,600። በዚህ ስሌት 353 ሚሊዮን ችግኝ በ2 ሜትር ርቀት ሲተከል 141,000 ሄክታር ገደማ ይወስዳል። ለወረዳም ያው ነው፤ 5 ሚሊዮን ተክለናል ያለ ወረዳ 2,000 ሄክታሩ በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ተፋሰስ እንዳለ መናገር ይኖርበታል። ገሚሱ በየሰው ጓሮ ነው ከተባለ ደግሞ የአባወራውን ብዛት ጠይቆ ማካፈል ነው። ይህችን ስሌት ይዞ የገባ ጋዜጠኛ ከኃላፊው ጋር የሚያደርገው ንግግር ገና ከመጀመሪያው ሌላ ይሆናል።

ከዚያ ሦስት ወረቀት እጠይቃለሁ፦ ችግኝ ጣቢያው ያስረከበበትን፣ የተከላ ሪፖርቱንና የጽድቀት ቆጠራውን። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ነገር ይናገራሉ። ተተከለ የተባለው ከጣቢያ ከወጣው ከበለጠ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከግለሰብ ችግኝ አፍይዎች ተገዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነም ሰነድ ይኖረዋል። ሌላው መታየት ያለበት ምትክ ተከላ ነው። ባለፈው ዓመት በሞተው ፋንታ በዚያው ጉድጓድ የገባ ችግኝ እንደ አዲስ ተከላ ከተመዘገበ አንድ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቀሪው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ቀኑ የሚቆጠረው ግን ማስረጃ ሲኖር ነው።

የሳተላይት ምስል ይጠቅማል፣ ግን ለምን እንደሚጠቅም ማወቅ ያስፈልጋል። ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል በነፃ የሚገኝ ነው፤ አንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስፋት ስለሚሸፍን ጉልበት ያልደረሰ ችግኝ አይታይበትም። በተተከለ በዓመቱ "ከሰማይ አየሁት፣ አረንጓዴ ሆኗል" የሚል ዘገባ ያየው ሣር ነው። እኔ የምጠቀምበት ወደ ኋላ ለማየት ነው፦ ቦታው ከተከላው በፊት ምን ነበር? ቀድሞም ደን ከነበረ፣ ወይም የግጦሽ መሬት ከነበረ፣ ታሪኩ ሌላ ነው። ምስል ሳወዳድር ጥርን ከጥር ጋር ነው። ክረምቱን ደመና ይሸፍነዋል፣ በመስከረም ደግሞ ጠፍ መሬትም ይለመልማል።

ለቆጠራ የምወጣው ከዝናብ በፊት ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ግንቦት ጥሩ ነው፤ በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ግን የካቲት ላይ መጨረስ ይሻላል። በጥቅምት የተደረገ ቆጠራ ገና በጋውን ያላየ ችግኝ ነው የሚቆጥረው፤ ሪፖርት ላይ ከፍ ያለ የጽድቀት መጠን ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው የቆጠራውን ወር ነው።

የምቆጥርባቸውን ነጥቦች የምመርጠው ቤት ሆኜ ነው። የተከላ ቦታውን ካርታ ላይ በእኩል ርቀት በመስመር ከፋፍዬ መገናኛዎቹን ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ የስልክ ካርታ ላይ እጭናለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ እንግዳ የሚመራው ወደ መንገድ ዳር ነው፤ እዚያ ያለው ችግኝ ውኃ ይጠጣል፣ ጥበቃም አለው። የልማት ሠራተኛው አብሮኝ ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ብዙ ያስተምረኛል፤ የምንሄደው ግን ስልኩ ወዳሳየን ነው። ስልክ በጥቂት ሜትሮች ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ ደረስክ ባለበት እቆማለሁ እንጂ የተሻለ የሚመስል ቦታ ፈልጌ አልጠጋም።

እዚያ ካስማ ተክዬ 5 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገመድ አስሬ ዙሪያውን እዞራለሁ። ክቡ 100 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በ2 ሜትር ርቀት ከተተከለ 25 ጉድጓድ ይጠበቃል። ዳገት ላይ ገመዱ መሬቱን ተከትሎ መተኛት የለበትም፤ አግድም ተወጥሮ ሲለካ ነው ስፋቱ ትክክል የሚሆነው። ደብተሬ ላይ ሕይወት ያለው፣ የሞተ፣ ባዶ ጉድጓድ፣ ምትክ፣ በራሱ የበቀለ ብዬ ለየብቻ እጽፋለሁ። ምትኩን ከቁመቱ መለየት ይቻላል። ባዶ ጉድጓድ ሲበዛ ችግኙ ሞቶ ጠፋ ወይስ መጀመሪያውኑ አልገባም የሚለውን ብቻዬን አልፈርድም፤ ጎረቤት ያለው ገበሬ ያውቃል።

ቅጠል የሌለው ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል። ግንዱን ከታች በጥፍር ትንሽ ፋቅ ሳደርገው ከልጡ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ላይና ወደ ታች ሞክሬ ነው ሞተ የምለው።

አሟሟቱን መለየት ለዘገባው ከቁጥሩ እኩል ዋጋ አለው። ጫፉ ተቦጭቆ ጎኑ ላይ አዲስ ቀንበጥ ሊያወጣ የሚታገል ከሆነ ከብት ወይም ፍየል ነው፣ ኩበቱና በጠጡም በአቅራቢያው ይገኛል። አፈር የለበሰ፣ ልጡ ከመሬት አጠገብ ዙሪያውን የተበላ ከሆነ ምስጥ ነው። ዋልካ አፈር ላይ ውኃ ቆሞበት ሥሩ የበሰበሰ ሲነቀል ይሸታል። ቅጠሉ እንደተንጠለጠለ ከጫፍ ጀምሮ የደረቀ ደግሞ በአብዛኛው ውኃ ያጣ ነው፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። የሞተውን ባለቤቱን አስፈቅጄ በእጄ ቆፍሬ አወጣዋለሁ። አንዳንዴ ችግኙ የፈላበት ጥቁሩ ፕላስቲክ እስከነአፈሩ ተጠቅልሎበት ይገኛል፤ ሥሩ ታች ደርሶ ተጠምዝዞ የላስቲኩን ቅርጽ ይዞ ደርቋል። በጣት ሲነካ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ነው። ያን ችግኝ ዝናብም ቢመጣ አያድነውም፤ ለአንድ ቀን ዘመቻ በጥድፊያ ሲተከል፣ ላስቲኩን ቀድደህ አውጣ ብሎ የሚያሳይ ሰው ከሌለ፣ የሚሆነው ይህ ነው። አንባቢም ተመልካችም ከመቶኛው ይልቅ ይህን ፎቶ ያስታውሳል።

ከሰዎች ጋር ስነጋገር "ጸደቀ ወይ?" ብዬ አልጀምርም። አባባ፣ ይህ መሬት ቀድሞ የማን ግጦሽ ነበር? ሣሩን አሁን ማን ያጭዳል? ዘበኛው ደመወዙን ከማን ያገኛል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅስ? ዛፉ ሲደርስ የሚቆርጠው ማን ነው? መሬት ከንክኪ ነፃ ሲደረግ እንጨት ለቃሚዋ እናት መንገዷ ይረዝማል፣ ፍየል ያለው ፍየሉን ይሸጣል፣ ወጣቶች ደግሞ በማኅበር ተደራጅተው ሣር ሊያገኙ ይችላሉ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር እየሰማ፣ እውነቱን እንዲነግሩኝ አልጠብቅም። ሴቶቹን ለብቻቸው፣ ውኃ ሲቀዱ ወይም ሥራ ላይ እያሉ ማነጋገር ይሻላል። እረኞችን ከወላጆቻቸው ፈቃድ ጋር እጠይቃለሁ፤ የትኛው ጥግ እንደሚጋጥ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

በተከላ ቁጥር ብቻ የሚዘግብ ሰው ትልልቅ ለውጦች ያመልጡታል። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው ከመሬት ሥር በሕይወት የቆየው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ፣ ቅርንጫፉ እየተመለመለ፣ ከብት እንዳይገባ እየተጠበቀ ነው። መሬቱን የሚያስተዳድሩ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፣ ከካርቦን ሽያጭም ገንዘብ አገኙ። ያ ሁሉ ደን በችግኝ ሪፖርት ላይ ሊታይ አይችልም። በአዊ ፋግታ ለኮማ ደግሞ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በራሱ ማሳ ላይ የተከለው ገበያ ስላለው ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ እህል ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። የራሱ ስለሆነ ይጠብቀዋል። አንድ ዝርያ ብቻ መሆኑ ግን ጣጣ አለው፤ የዝገት በሽታ ሲገባ አካባቢውን በሙሉ ነካው። የዛፍ ዘገባ የኑሮ ዘገባ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሲጻፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 20 ክብ ታይቶ ከ500 ጉድጓድ 260ው ሕይወት ካለው 52 በመቶ ይመጣል፤ እኔ ግን "ባየናቸው 20 ቦታዎች ግማሽ ያህሉ ጸድቋል" ብዬ ነው የምጽፈው። ችግኝ የሚሞተው በሰፈር በሰፈር ስለሆነ ሃያ ቦታ ያን ያህል ጥርት ያለ ቁጥር አይሰጥም፤ ስለ ሌላ ተፋሰስማ ምንም አይናገርም። ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩንና አቆጣጠሩን ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ ልኬ መልስ የሚሰጥበት በቂ ቀን እሰጣለሁ። የሚከራከር ካለ ነጥቦቹ አሉ፣ አብረን ሄደን እንቆጥራለን። የተናጋሪ ገበሬዎችን ስምና የቤታቸውን ቦታ አላወጣም፤ ክቦቹን ብቻ ከአራት አቅጣጫ በተነሣ፣ የ1 ሜትር ዘንግ በቆመበት ፎቶ አስደግፌ ለአዘጋጁ እተዋለሁ። በሚቀጥለው ግንቦት እኔ ባልኖር ሌላ ዘጋቢ ያንኑ ካስማ አግኝቶ ያንኑ ክብ ይቆጥራል።