ያዳፈንኩት እሳት

ይሄን ነገር እስከ ትናንት ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። ሦስት ሳምንት ሆነው። አብረውኝ የነበሩት ጓደኞቼ እንኳ የሚያውቁት ግማሹን ነው።

የጥር መጨረሻ እሁድ ነበር። ሐዋሳ በዚህ ወቅት እንዴት እንደምትሆን የኖረባት ያውቃል፤ ጠዋት ከሐይቁ በኩል ደስ የሚል ቅዝቃዜ አለ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ይነሳና ሁሉንም ሰው አቧራ ያለብሳል። አምስት ሆነን ወደ አላሙራ ተራራ ወጣን። ሐሳቡ የኔ ነበር። ፍቅር ሐይቅ ሰለቸን፣ አሞራ ገደል ዓሣ መብላትም ሰለቸን፣ እስቲ ዛሬ ከላይ ሆነን ከተማውን እያየን ሥጋ እንጥበስ አልኩ። ሁለት ኪሎ ሥጋ፣ እንጀራ፣ ሚጥሚጣ፣ አንድ ፌስታል ከሰል፣ ሁለት ትልልቅ ሃይላንድ ውሃ። ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት አደረሰን፣ የቀረውን በእግር።

እሳቱን ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ድንጋይ ጎለትኩ። ዙሪያው ሣር ነው፤ ሲረግጡት ቅርጭጭ የሚል፣ ክብሪት የሚጠብቅ የሚመስል ደረቅ ሣር። በእግሬ ጠረግ ጠረግ አድርጌ አንድ ክንድ የማትሞላ ቦታ አጸዳሁና በቃ ብዬ ተቀመጥኩ። ጥብሱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር።

አስር ሰዓት ገደማ ልንነሳ ስንል ፍሙ ገና ቀይ ነው። አንዷ ጓደኛችን «እሳቱስ?» አለች። «ተይው፣ እኔ አለሁ» አልኳት። በጫማዬ አፈር ገፋ ገፋ አድርጌ ሸፈንኩት። ሁለት ሦስቴ ረገጥ አደረግኩት። ጭስ የለም። አንደኛው ሃይላንድ ከግማሽ በላይ ውሃ ነበረበት። ስንወርድ ፊቴን ታጠብኩበት።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከገመድ ላይ ልብስ ላስገባ ወደ ግቢ ወጣሁ። ተራራው ላይ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ተሰምሯል። ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል፣ ትንሽ ትኩር ብለው ሲያዩት ግን ይሄዳል። ሆዴ ባዶ ሆነ። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ሆነው እያዩ «እነዚህ ከሰል አክሳዮች ጨረሱን እኮ» አሉ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «አዎ፣ አይረቡም» አልኩ። ገብቼ ተኛሁ። ተኛሁ ማለት ተጋደምኩ።

ጎህ ሲቀድ ሄድኩ። ወደ ቦታው ስጠጋ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከዚያ ጥቁሩ። የተቃጠለው ቦታ ከታች ጠባብ ሆኖ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ፣ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ያለ ነው። የማራገቢያው መያዣ ደግሞ፣ እዚያ ጠባቡ ጫፍ ላይ፣ ሦስት ድንጋይ። የኔ ሦስት ድንጋይ። ማንም ፖሊስ ሳያስፈልገው መርምሮ ሊጨርሰው ይችላል።

ከላይ አንድ ሽማግሌ ቅጠሉ የተቃጠለ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው ጥላሸት ነው። ከልጆቻቸው ጋር ሌሊቱን ሙሉ በቅርንጫፍ ሲደበድቡት አድረው ነው ያጠፉት። ቤት አልነካም፣ ሰው አልነካም፣ እግዜር ይመስገን። ግን ለበጋው ለከብቶቻቸው ያቆዩት ሣር አልቋል፣ ክረምት ላይ የተተከሉ ችግኞችም እንደ ክብሪት እንጨት ጠቁረው ቆመዋል። «ትናንት እዚህ የነበሩትን ልጆች ታውቃቸዋለህ?» አሉኝ። «አላውቃቸውም አባባ» አልኩ። አዩኝ። ከዚያ ወደ ድንጋዮቹ ጠቆሙና «አፈር አልብሰውት ነው የሄዱት። ለጠዋት እንዲቆይላቸው ይሆን?» አሉ።

ይቺ ነገር ናት የገደለችኝ። ምክንያቱም እኔ ይሄንን አውቃለሁ! ያደግኩት በምድጃ ቤት ነው። እማዬ ማታ ማታ ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰውና ታዳፍነዋለች፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው እሳቱ እዚያው አለ፣ ትንሽ እፍ ሲባል ይያያዛል። ካልተያያዘ ደግሞ ገል ታስይዘኝና እሳት ጭሬ እንድመጣ ጎረቤት ትልከኛለች። ማዳፈን እሳት ማቆያ መሆኑን በሰባት ዓመቴ አውቅ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመቴ ግን ተራራ ላይ እሳት አዳፍኜ «አጠፋሁ» ብዬ ወረድኩ። የጋዝ ምድጃ ያስረሳል መሰለኝ።

አሁን ሳስበው ከማዳፈንም ይብሳል። የእማዬ አመድ ንጹህ አመድ ነው። እኔ በጫማዬ የገፋሁት አፈር ደረቅ ሣር፣ የሣር ሥርና የከብት ኩበት የተቀላቀለበት ነበር፤ ማገዶ ጨመርኩበት ማለት ነው። ከሰል ነበልባል አያስፈልገውም፣ ትንሽ አየር ካገኘ ሰዓታት ይቆያል። የከሰዓቱ ነፋስ አፈሩን ሲገፈው የቀረው ቀላል ነው። ዳገት ደግሞ ለእሳት መንገድ ነው፤ ሙቀቱ ሽቅብ ስለሚሄድ ከፊቱ ያለውን ሣር ቀድሞ ያሞቀውና ያደርቀዋል፣ ለዚህ ነው እሳት ቁልቁል ከሚወርደው ይልቅ ሽቅብ የሚሮጠው። ያንን ግማሽ ሃይላንድ አፍስሼ፣ በእንጨት አማስዬ፣ የቀረውን ደግሜ አፍስሼ፣ የእጄን ጀርባ አስጠግቼ ሙቀት አለመኖሩን ባይ ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አንድ ሌላ የሚያናድደኝ ነገር አለ። እኔ በዚህ ጉዳይ ብዙ ያወራሁ ሰው ነኝ። በ2011 የሰሜን ተራሮች ሲነድ፣ ጓሳ ሣሩና አስታ ቁጥቋጦው ሲቃጠል፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ከእስራኤል ደግሞ እሳት አጥፊዎች እስኪመጡ ድረስ፣ እኔ ፌስቡክ ላይ ተቀምጬ ገበሬውን ስሰድብ ነበር። ማር ቆራጭ፣ ከሰል አክሳይ፣ እረኛ፣ ማንም አልቀረኝ። በ1992 ባሌና ቦረና ላይ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ የበላውን እሳትም እያነሳሁ «ሕዝቡ አይማርም» እል ነበር። ሕዝቡ! እረኛ ለግጦሽ ብሎ ሣር ሲያቃጥል ቢያንስ ነፋሱን ያያል። እኔ ነፋሱን ያየሁት ሥጋው ላይ አቧራ እንዳይቦንብን ነው።

እኛ ጋ መብረቅ የሚመጣው ከዝናብ ጋር ነው። ጥርና የካቲት ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ተራራ ሲቃጠል የለኮሰው ሰው አለ ማለት ነው። የሌላውም አገር ብዙ አይለይም፤ አሜሪካ ውስጥ ከ100 የሰደድ እሳት 85 ያህሉ በሰው ነው የሚነሳው። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ እንደኔ «ተይው፣ እኔ አለሁ» ያለ ሰው ይሆን?

ችግኞቹን ደግሞ ልረሳቸው አልቻልኩም። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ከመሥሪያ ቤት በአውቶቡስ ተጭነን ወጥተን እንተክላለን። ሐምሌ ላይ ቲሸርት ለብሼ፣ ችግኝ ይዤ፣ ጥርሴን አሳይቼ የተነሳሁት ፎቶ አለኝ። ጥር ላይ ያ ችግኝ ደረቅ ሣር መሃል ብቻውን ቆሞ ሲውል የሚወጣ አውቶቡስ የለም። ያቃጠልኩትን እኔ ልትከለው ወይ ሌላ ሰው፣ ለውጥ የለውም።

ትናንት ሄድኩ። አንድ ኩንታል ፉርሽካ ይዤ ነው የሄድኩት፣ ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም። ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ የቀረውን መንገድ አንድ ልጅ በአህያ አግዞኝ። ሽማግሌው ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ። እሳቱ የኔ ነው» አልኩ። መንገድ ላይ የተለማመድኩት ረጅም ንግግር ነበረኝ፣ ከዚህ አላለፈም።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ታዲያ ገና በጎህ ከከተማ ማን ይመጣል ብለህ ነው?»

ፉርሽካውን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ይቅር ልበል አልበል የሚሉ አይመስሉም፣ ሌላ ነገር እያሰቡ ነው። ተነስተው ገቡና ሁለት መቆፈሪያ ይዘው ወጡ። አንዱን ለኔ። ከቤታቸው ጀርባ ያልተቃጠለ ሣር አለ፤ በሱና በቤቱ መሃል፣ ቁመቴን የሚያህል ስፋት ያለው መሬት ሣሩን ከነሥሩ ነቅለን ባዶ እናደርጋለን፣ እሳት ቢመጣ የሚበላው አጥቶ እዚያ ይቆማል አሉኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆፈርን። እሳቸው ሁለት እጥፍ ሄደዋል። መሃል ላይ ቆም ብለው «የቢሮ እጅ» አሉና ሳቁ።

ዛሬ ሁለቱም መዳፌ ውሃ ቋጥሯል። ይሄንን የምጽፈው በአንድ ጣት ነው። ለእሁድ የቀረው በላይኛው በኩል ያለው ነው፣ ጓደኞቼን ይዤ እንድመጣ አዘውኛል። ለነሱ ደግሞ ገና አልነገርኳቸውም።