ቨርነን ካውንቲ ላይ መሬት ፍለጋ፦ የሰባት ወር ማስታወሻ

ሰላም ወገኖች። ከከተማ ወጥቼ ትንሽ እርሻ ልይዝ ነው ብዬ ከተነሳሁ ሰባት ወር ሆነኝ። እስካሁን አራት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። ገና አልገዛሁም። ግን መሬት የማይበት ዓይን ተቀይሯል። እናንተም እያሰባችሁበት ስለሆነ እሱን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመረጥኩት አሜሪካ፣ ደቡብ ምዕራብ ዊስኮንሲን ያለውን ቨርነን ካውንቲን ነው። ከሚኒያፖሊስ ሦስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ሚድዌስት (የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ) ሲባል ዓይን እስኪታክት የተዘረጋ ሜዳ ነው የሚታየን። እዚህ ግን ሌላ ነው። ጥንት ሌላውን አካባቢ ደልድሎ ያለፈው የበረዶ ግግር ይህን አካባቢ አልነካውም። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ሸንተረርና ሸለቆ ነው። ድሪፍትለስ ይሉታል። መጀመሪያ ቀን መኪናዬን ዳር አቁሜ ቁልቁል ሳይ ወሎ ውል አለኝ። ኩን ቫሊ ስደርስ ደግሞ ተዳፋቱን ተከትለው የተጠማዘዙ ማሳዎች አየሁ፤ አንዱ መስመር በቆሎ፣ አንዱ መስመር ሣር። አፈሩ በጎርፍ እየታጠበ ሲያልቅ፣ በ1933 መንግሥትና ገበሬው ተባብረው የአሜሪካን የመጀመሪያውን የተፋሰስ ጥበቃ ሥራ የጀመሩት እዚሁ ነው። አያቱ ድንጋይ እየደረደሩ እርከን ሲሠሩ እያየ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይሞቃል።

የእኔም ልብ ሞቀና ልሳሳት ነበር። ሸለቆ ውስጥ፣ ጅረት ዳር፣ 12 ኤከር (አምስት ሄክታር ገደማ) አገኘሁ። አፈሩ ጥቁር፣ ዋጋው ርካሽ። ቀብድ ልከፍል ስል የከብቶቹን ቤት ለማየት ገባሁ። ግድግዳው ላይ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ቡናማ መስመር አለ። ከመስመሩ በታች እንጨቱ ሻክሯል፤ በጣቴ ሳሸው ደረቅ ጭቃ ረገፈ። ደላላው ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለም። ጎረቤት ያሉ ሽማግሌ ገበሬ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "2018" አሉኝ። በዚያ ዓመት ኦገስት መጨረሻ ላይ የወረደው ዝናብ እዚሁ ካውንቲ ውስጥ ሁለት ግድቦችን ጥሶ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳነብ፣ በካውንቲው የሚያልፈው የኪካፑ ወንዝ በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ጭምር አጥለቅልቋል። ከካውንቲው ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ በታች ያለችው ሶልጀርስ ግሮቭማ ከ1978ቱ ጎርፍ በኋላ የንግድ መንደሯን ነቅላ ወደ ከፍታ አዛውራለች። ከተማ የሸሸውን ወንዝ እኔ ልጠጋው ነበር! አሁን ከዋጋው በፊት የማየው የፌማን (የአሜሪካ መንግሥት የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ ነው። ካርታው ብቻ ግን አይበቃም፤ ግድግዳውን እዩ፣ ጎረቤት ጠይቁ።

እንግዲያው ሸንተረሩ ላይ ልውጣ አልኩ። 18 ኤከር፣ ቤት አለው፣ ጉድጓድ ውሃ አለው። ጎርፍ አይደርስበትም። የከርሰ ምድሩ ድንጋይ ግን የኖራ ድንጋይ ነው፤ ስንጥቅ ይበዛዋል። ማሳ ላይ የፈሰሰ ማዳበሪያና ፍግ በስንጥቁ ሾልኮ ቶሎ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይደርሳል። ባለቤቶቹን አስፈቅጄ፣ ከላቦራቶሪ በመጣው ጠርሙስ ቀድቼ ላክሁ። ናይትሬቱ (ከማዳበሪያና ከፍግ ወደ ውሃ የሚገባው ንጥረ ነገር) በሊትር 14 ሚሊግራም ሆኖ መጣ። የመጠጥ ውሃ ወሰኑ 10 ነው። ከዚያ ሲያልፍ ለሕፃን ልጅ በጣም አደገኛ ነው። ማፍላት ደግሞ አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ እዚያው ይቀራል፣ ጭራሽ ይበረታል። የእህቴ ልጅ ገና አራት ወሯ ናት፤ እኔ ቤት መጥታ ወተቷ በዚህ ውሃ ሲበጠበጥ ታየኝ። ማጣሪያ መግጠም ይቻላል። ቢሆንም ያን ቦታ ተውኩት።

ስለ ወቅቱ ባጭሩ፦ ውርጩ ሜይ ውስጥም ያገኛችኋል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ሸለቆው ከሸንተረሩ የባሰ ነው። ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት ያለ ችግር ይሆናል። ለበርበሬ ግን ማርች ላይ ቤት ውስጥ ችግኝ ማፍላት ግድ ነው።

ሰዉስ? ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ይህን ነው። የገበሬዎቹ ማኅበር ኦርጋኒክ ቫሊ በ1988 የተመሠረተው እዚሁ ነው፣ ላፋርጅ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ይገኛል። አሚሾች (በጥንቱ አኗኗር የሚኖሩ ክርስቲያን ገበሬዎች) ብዙ ናቸው፤ ችግኝም እንቁላልም ከእነሱ ገዝቻለሁ። እኔን ያቆመኝ ግን ሂልስቦሮ አጠገብ ያለው ሻያን ቫሊ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ጥቁር ገበሬዎች መጥተው መሬት ይዘው አርሰውበታል። ከእነሱ የተወለደው አልጋ ሺቨርስ በካውንቲው ውስጥ ክብ የከብት ቤቶችን በመሥራት ስሙ የታወቀ ነው። አንዳንዶቹ ዛሬም ቆመዋል። ከአንዱ ፊት ለፊት ቆሜ ብዙ ቆየሁ። በየመንገዱ ዘወር እያሉ ሲያዩኝ የሚሰማኝ እንግድነት ያን ቀን ቀለል አለኝ። መልካችን የሚመስል ገበሬ ለዚህ አፈር አዲስ አይደለም።

አሁን ዓይኔ ያረፈው ሦስተኛ ቦታ ላይ ነው፤ ከተዳፋቱ ወገብ ላይ፣ ከጅረቱ ከፍ ብሎ፣ ከሸንተረሩ ዝቅ ብሎ። ማርች ላይ በረዶው ሲቀልጥ ልሄድ ቀጠሮ ይዣለሁ። ውሃው የት የት እንደሚወርድ በእግሬ ተከትዬ ማየት እፈልጋለሁ። የላቦራቶሪው ጠርሙስም ከወዲሁ መኪናዬ ውስጥ ነው።