«ወሎ» ስል «ውሎ» የምትለኝ ቁልፍ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የደሴው ተራራ ጦሳ ከወገቡ በላይ በጉም ተሸፍኖ፣ የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔም ያለምክንያት ከፍቶኝ ተቀምጬ ነበር። ያለምክንያት ማለቴ እንኳ ትክክል አይደለም፤ ዕቁቡ ባለፈው እሑድ ደርሶኛል፣ ገንዘቡ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ የሚያስከፋው ዕቃ አያጣም። እኔን ያስከፋኝ ላፕቶፔ ነው።

«ኢ» (E) የምንላት የላቲን ፊደል ቁልፍ ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆናት። አንዲት ቁልፍ ብቻ ናት ብሎ የሚያቃልል ሰው አማርኛ በኮምፒዩተር ጽፎ የማያውቅ ነው። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ አንድ ፊደል ይጠፋበታል፤ እኛ ግን ተነባቢውን አስቀድመን አናባቢውን እያስከተልን ስለምንጽፍ፣ እኔ በምጠቀምበት ፕሮግራም ይህች ቁልፍ ስትሞት ግዕዙን ጠቅልላ፣ ኃምሱንም አስከትላ ነው የምትሄደው። ከ231ዱ ፊደል ከ60 በላይ የሚሆነው በአንድ ቀን አመለጠኝ ማለት ነው። ግዕዙ ሲጠፋ በቦታው ሳድሱ ይቀመጣል፤ «ቀን» ስል «ቅን»፣ «ፈረስ» ስል «ፍርስ» ይወጣል፣ ደሴም «ድሲ» ትሆናለች። የዕቁቡ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት «ሁሉም ከፈለ» ብዬ በቴሌግራም የላክሁት «ሁሉም ክፍል» ሆኖ ደርሶ፣ እትዬ ዘ. ደውለው የምንሰበሰበው ስንተኛው ክፍል እንደሆነ ጠየቁኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን «ወሎ» ነው። «ወሎ» ብዬ በጻፍሁ ቁጥር «ውሎ» ይላል፤ እኔም ውሎዬን የምመዘግብ ሰው ስለሆንሁ ስሕተት ነው ብዬ ለማረም እጄ አልታዘዝ አለኝ። በአንጻሩ «እኔ» የሚለው ቃል ሁለቱም ፊደሎቹ ይህችኑ ቁልፍ ስለሚፈልጉ «ኒ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። የግል ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው «እኔ» እንዳይል ተከልክሎ ምን ሊጽፍ ይችላል? ለሦስት ሳምንት የጻፍኋቸውን ገጾች ዛሬ መለስ ብዬ ሳያቸው፣ ሳላውቀው ያችን ቁልፍ የማይነኩ ቃላት ስመርጥ ከርሜያለሁ፤ «ሄደ» ማለት ሲያቅተኝ ሰውየውን እዚያው አስቀምጬው አልፌያለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ብልሽቱ ከባድ እንዲሆን እመኝ ነበር። ፒያሳ ያለው ጠጋኝ ገና ክዳኑን ከፍቶ ሳያይ «ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው፣ በሙሉ ነው የሚቀየረው፤ አብሽር፣ ትንሽ ጨምረህ አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል» ሲለኝ እንደ ምሥራች ነው የሰማሁት። «ትንሽ» ያለውም፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ምን ያህል እንዳበጠ ባውቅም ከመመኘት አልተመለስሁም። ላፕቶፔ የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል የሚለው ሁለተኛው ክርክሩ የምር ክርክር ነው፤ ነገር ግን እኔ ልገዛ የተነሣሁት ስለዚያ ሳይሆን ስለ «ኢ» ነበር። እማዬ ብቻ ሰምታኝ ስታበቃ «የጀበናው ውታፍ ቢጠፋ ጀበና ይገዛል እንዴ?» አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

በዚህ እፍረት ነው ዛሬ ምርመራውን የጀመርሁት። በመጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ ከፍቼ «ኢ»ን በማውሱ ስጫናት ታዛዥ ሆና ወጣች፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው። ከቢሮ የተዋስሁትን ባለ ዩኤስቢ ኪቦርድ ስሰካም ሠራች፤ ስለዚህ ችግሩ ከላፕቶፑ ኪቦርድ አያልፍም። የኪቦርድ ቁልፎች ከሥር በመስመርና በዓምድ እንደ መረብ የተያያዙ ስለሆኑ፣ መስመሩ ተበጥሶ ወይም ሪባን ገመዱ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ብዙ ቁልፎች አብረው ይሞቱ ነበር። ብቻዋን የሞተች ቁልፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥሯ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ አዲስ ላፕቶፕ ዋጋ መጠየቄን እዚህ ላይ ልመዝግብ።

ላፕቶፑን አጥፍቼ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ በተፋቀ የሞባይል ካርድ ጠርዝ ቁልፏን ከታች በኩል ቀስ ብዬ ቀና አደረግኋት። ጠቅ ብላ ተነሣች። ከሥሯ እንደ መቀስ የተጠላለፉ ሁለት ቀጫጭን ነጭ ፕላስቲኮች፣ መካከላቸው ምስር የምታህል ጎማ፣ በጎማዋና በፕላስቲኩ መካከል ደግሞ የገብስ ቆሎ ገለፈት በስኳር ተጣብቆ ተቀምጧል። ስኳሩ የበረካው ቡና መሆን አለበት፤ አቦሉን ጠረጴዛ ላይ ጠጥቼ አላውቅም። ግዕዝን ከነኃምሱ ሦስት ሳምንት ያሰረው ይኸው ገለፈት ነው። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ 70 በመቶ አልኮል ነበረኝ፤ ሠላሳው እጅ ውሃ ስለሆነ ወደ ውስጥ እንዳይፈስስ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጫፍ ብቻ አስነክቼ ጠረግሁት፣ እስኪደርቅም አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ከዚያ አበራሁትና «ወሎ» ብዬ ጻፍሁ። ወሎ አለ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ለነገሩ እጄ ከገባ አይቀር ብዬ፣ አልኮሉ እስኪደርቅ እየጠበቅሁ ሳለ የታችኛውን ረድፍ ቁልፎችም አንድ በአንድ አንሥቼ ጠርጌያቸው ነበር፤ የአንደኛዋ ፕላስቲክ ቀንድ ስመልሳት ትንሽ ነጥቶ ታየኝ፣ ዝም አልሁ። እኔ ቁልፎቹን ሳላይ ስለምጽፍ ምንም አልታወቀኝም። ወደ ማታ ግን የእህቴ ልጅ የቤት ሥራውን ሊጽፍ ተቀምጦ፣ ፊደሎቹን በጣቱ እየፈለገ ከቆየ በኋላ «ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒዩተር ተበላሽቷል እኮ! ሰላም ስለው ሰላን ይላል፣ እናቴን ደግሞ እማቴ አላት» ብሎ ጮኸ። «ኤም»ን በ«ኤን» ቦታ፣ «ኤን»ን በ«ኤም» ቦታ ገጥሜያቸው ኖሯል።

የነጣው ቀንድ የ«ኤም» ነው፤ ሁለተኛ ላንሣው ብል መሰበሩ አይቀርም። ልጁ አሁንም አጠገቤ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ያደረግሁትን ልንገረው ወይስ «አዎ፣ ተበላሽቷል» ብዬ ወደ መሳቢያው ልሂድ?